ልጃችን ቀበሮ ልትቆጥር ተራራ ወጣች

ዮናስን ስለ ዋጠው ታላቅ ዓሣ ያልሰማ የሰንበት ትምህርት ልጅ የለም። የእኛም ልጅ ያን ታሪክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። ሌሎቹ ልጆች “ዮናስ እንዴት ሳይሞት ቀረ?” ብለው ሲጠይቁ እርሷ ግን “ዓሣው ከዚያ በኋላ የት ሄደ?” እያለች አስተማሪዋን ታስቸግር ነበር። ያን ጊዜ ስቀን አለፍነው። ጥያቄው ከእርሷ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አላወቅንም።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት በባዮሎጂ ተመረቀች። ቤተ ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ወገኖች ተሰብስበው በጸሎትና በዝማሬ ጌታን አመሰገንን። ፎቶዋም ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኔ በልቤ ሥራዋን፣ ደመወዟን፣ ቀጥሎም ትዳሯን እያሰላሁ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ማታ እራት ላይ “አባዬ፣ እማዬ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ” አለች። እናቷ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። እኔም ደነገጥኩ፤ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር።

“ላስታ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያጠና ቡድን አለ። ለስድስት ወር በበጎ ፈቃድ ላገለግል ተቀብለውኛል” አለች።

“ደመወዙስ?” አልኩ።

“ደመወዝ የለውም። ምግብና ማደሪያ ይችሉኛል።”

ቀጥሎ ከአፌ የወጣውን ቃል ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ። “አራት ዓመት ያስተማርንሽ ዝንጀሮ እንድትቆጥሪ ነው?” አልኳት። ማዕዱ ጸጥ አለ። ሳህኗን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል “ደህና አደርክ፣ አባዬ” ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም።

ይህን የምጽፈው ልጄን ለማወደስ አይደለም። ልጆቻችን ያልጠበቅነውን መንገድ ሲመርጡ እኛ ወላጆች፣ በተለይም ባልና ሚስት፣ እንዴት እንደምንነጋገር ከስሕተቴ የተማርኩትን ለወገኖቼ ለማካፈል ነው። ደግሞም በዚያ ተራራ ላይ ያየሁት የእግዚአብሔር ሥራ ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

ባለቤቴ ያስታወሰችኝ

ነገሩ በእኔና በባለቤቴም መካከል ገባ። እርሷ “ትሂድ” ትላለች፤ እኔ “አትሄድም” እላለሁ። አንድ ሌሊት መብራት ካጠፋን በኋላ በጨለማው ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ “በ1984 የቢሮ ሥራህን ትተህ ለአንድ ዓመት ገጠር ወንጌል ልታገለግል ስትወጣ ማን ደመወዝ ከፈለህ?”

“ማንም።”

“አባትህስ ምን አሉህ?”

አባቴ ያሉኝን አልረሳሁትም። “የተማረ ሰው በነፃ ሲሠራ አይቼ አላውቅም” ነበር ያሉኝ። ቢሆንም አልተሸነፍኩም። “ያ እኮ ወንጌል ነው። ይህ ከወንጌል ጋር ምን ያገናኘዋል?” አልኳት።

“ወንጌል ነው አላልኩም” አለች ባለቤቴ። “ያን ጊዜ አባትህ ሲናገሩህ ስላለቀስከው እንባ ነው የማወራህ።”

በማግሥቱ ይደግፈኛል ብዬ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሄድኩ። ሁሉን ከሰማ በኋላ “ልጅቷ ጸልያበታለች?” አለኝ። “አዎን፣ ጸልያለች” አልኩት። “አንተስ?” አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ስለ ጉዳዩ ብዙ ተቆጥቼ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልጸለይኩበትም ነበር። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጃችን ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ባረክኳት። ግን እውነቱን ለመናገር ባረኳት አፌ ነው፤ ልቤ ገና አልተከተለም ነበር።

ከባሕሩ እስከ ተራራው

የነገሩን መነሻ የተረዳሁት በኋላ ነው። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በውጭ አገር ወጣቶች ዓሣ ነባሪ በሚያጠኑ ቡድኖች ውስጥ በበጎ ፈቃድ እንደሚያገለግሉ አነበበች። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ወልዶ የሚያጠባ እንስሳ ነው። ጀርባው ጎበጥ ያለው ዓይነት ወደ ጥልቁ ሲወርድ ጅራቱን ከውሃው በላይ ያነሣል። በጅራቱ ሥር ያለው የጥቁርና የነጭ ቀለም እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያን ጅራት ፎቶግራፍ እያነሡ እያንዳንዱን እንስሳ በመዝገብ ይይዛሉ። ዛሬ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ባሕር ቢታይ “ይህ ያ ነው” ማለት ይቻላል።

የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ግን ሲያዩት እንደሚያስጎመጀው አይደለም። ከጀልባ ወይም ከገደል አፋፍ ላይ ሆነው ባሕሩን ይቃኛሉ፤ ሰዓቱንና ነፋሱን ይጽፋሉ፤ ፎቶ ከፎቶ ያመሳክራሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ምግብ ያበስላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። ብዙ ቀን ምንም ሳይታይ ይመሻል። በብዙ ቦታ ደመወዝ መቅረቱ ሳያንስ የምግብና የማደሪያውን ወጪ የሚሸፍነው ራሱ ወጣቱ ነው።

የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ የመቆያው ወጪ ከእኛ አቅም በላይ ነበር። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። አንድ መምህሯ ይህን ምኞቷን ሲሰሙ፣ “ያ ዓሣ ነባሪ በዓለም ላይ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በእኛ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ግን አምስት መቶ አይሞላም። የሚቆጥረው ሰው የሚያስፈልገው የትኛው ይመስልሻል?” አሏት። ወደ ላስታ የወሰዳት ያ ጥያቄ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ እንዲሁም በመንዝ ከፍታዎች ላይ በትንንሽ ቡድን ተበታትነዋል። በጉናና በጮቄ ተራሮች የነበሩት ጠፍተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የሰው ቁጥር ሲጨምር እርሻው ወደ ላይ ይወጣል፤ በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 ከመቶ ያህሉ እርሻ ሆኗል። ቀበሮው ግን ከተራራው ጫፍ በላይ የሚሄድበት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እነዚህን ቀሪዎች ለመከታተል በየተራራው ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ሲሠራ ቆይቷል። በሰሜኑ ተራሮች “የቀበሮ አምባሳደር” ተብለው ያለ ደመወዝ በየመንደራቸው ዘብ የሚቆሙ ገበሬዎችም አሉ። እኔ ለልጄ ያሳፈረኝን የበጎ ፈቃድ ሥራ እነርሱ ከእርሻቸው ጎን ለጎን ይሠሩታል።

የላስታ መንገድ

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ባለቤቴ “ሄደህ እያት” አለችኝ። ሹራብ፣ በሶና ድርቆሽ ቋጥራ ሰጠችኝ። በአውቶቡስ ደሴ አደርኩ። በማግሥቱ በወልድያ በኩል ጋሸና ደርሼ ወደ ላሊበላ ታጠፍኩ። ከተማዋ ለገና በዓል ትዘጋጅ ነበር። ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ለማየትና ለመሳለም የሚመጣው ሕዝብ ገና ከሩቅ አገር በእግሩ መግባት ጀምሯል። እኔ ግን መንገዴ ወደ ላይ ነበር።

ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አቡነ ዮሴፍ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከ4,200 ሜትር በላይ ይነሣል። ከአንድ መንገድ መሪ ጋር በሌሊት ተነሥተን በአሸተን ማርያም በኩል ስንወጣ ትንፋሼ እየቆረጠ በየመቶ እርምጃው እቀመጥ ነበር። በመጨረሻ የገብሱ ማሳ አልቆ አስታው ተጀመረ። ከአስታው በላይ ጓሳውና እንደ ምሰሶ የቆመው ጅብራ መጣ። ነፋሱ የተሳለ ቢላዋ ነው።

ልጄ ስታየኝ እየሮጠች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል፤ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል፤ በጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባለች። ከዚያ ማታ ወዲህ እንደዚያ አቅፋኝ አታውቅም ነበር።

ያረፈችው ከአንድ ገበሬ ቤተሰብ ጋር ነው። ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። የነቢያት ጾም ስለ ነበረ ማዕዱ የገብስ እንጀራና ሽሮ ነው። ልጄም የእነርሱን ጾም አክብራ ከአንድ ማዕድ ትበላለች። ጠላ እንደማትጠጣ ስላወቁ እመቤቲቱ ለእርሷ ተልባ በጥብጠው ያቀርቡላታል። ከእራት በኋላ ገበሬው ሳቅ እያሉ፣ “አንቱ አባቷ ኖት? መጀመሪያማ ‘ጴንጤ ናት፤ ልትሰብከን ነው የመጣች’ ብለን ፈርተናት ነበር። እርሷ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቀበሮ ነው የምታይ” አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ትንሿ ልጃችን ትኩሳት ይዟት ስታቃዥ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ አነጋች” አሉ። እኔ ስለ ልጄ ይህን አላውቅም ነበር። በስልክ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ባዶና ዜሮ

በማግሥቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ጓሳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከአንድ ዐለት ሥር ተቀምጠን ፀሐይ እስክትወጣ ስንጠብቅ ማስታወሻ ደብተሯን ሰጠችኝ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ብዕር በዝናብ ይፈስሳል፣ በብርድም አይጽፍም አለችኝ። ገጹ በመስመር ተከፋፍሏል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የታየው እንስሳ ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንደ ነበረ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ጥቅምት 27 ዜሮ። ጥቅምት 28 ዜሮ። ጥቅምት 29 ዜሮ። እንዲህ እያለ ዐሥራ አንድ ቀን ሄደ።

“ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳታዪ?” አልኳት።

“ምንም።”

“ታዲያ ለምን ትወጪ ነበር?”

“ካልወጣሁ ዜሮ ብዬ መጻፍ አልችልማ፣ አባዬ።”

ወገኖቼ፣ እኔ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሒሳብ መዝገብ ላይ ባዶ ቦታና ዜሮ የተጻፈበት ቦታ አንድ አይደሉም። ባዶ ማለት ማንም አልተመለከተም ማለት ነው። ዜሮ ማለት አንድ ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ መርምሮ፣ የለም ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤቴ ለወጣት ሠራተኞች ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! የገዛ ልጄ በውርጭ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ስትሠራ ግን “ዝንጀሮ ቆጠራ” ብዬ ናቅሁት።

በዚያው ቦታ መጽሐፈ ኢዮብ ትዝ አለኝ። በምዕራፍ 39 መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ተራራ ፍየሎች ይጠይቀዋል። የሚወልዱበትን ጊዜ ያውቅ እንደሆነ፣ የእርግዝናቸውንም ወራት ቆጥሮ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ የምሰብከውም ሰው አላዋቂ መሆኑን ነበር። እውነት ነው፣ ኢዮብ መልስ አልነበረውም። ነገር ግን በዚያች ጠዋት ሌላም ነገር ታየኝ። ጌታ በማንም ዓይን የማይታዩ የተራራ አውሬዎችን ወራት ይቆጥራል። ለእርሱ መዝገብ ባዶ ቦታ የለም።

የቀበሮ ቤተሰብ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገችና በዐይኗ አመለከተችኝ። በሩቅ ማያ መነጽር ስመለከት ከተዳፋቱ ላይ እንደ ዝገት የቀላ፣ እግረ ረጅም፣ አፈ ሹል እንስሳ ያለ ኮሽታ ይራመዳል። ወደ አንድ ጉድጓድ ሲቀርብ ሦስት ቡችሎች ወጥተው አፉን ይልሱት ጀመር። እርሱም የዋጠውን አይጥ አውጥቶ ሰጣቸው።

“አባታቸው ነው?” ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁ።

“ላይሆን ይችላል” አለች። በቀይ ቀበሮ ቤተሰብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ ናት። የምትወልደውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ነው። የሁለት ወር ያህል እርግዝና አላት። ቡችሎቹን የሚመግቡትና የሚጠብቁት ግን የቡድኑ አባላት ሁሉ ናቸው። አደን ላይ ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱ ብቻውን ይሠማራል፤ ማታ ማታ ይሰባሰባሉ። በግ ፈጂ እየተባለ ቢታማም ዋና ምግቡ የገብስ ጠላት የሆነው አይጥና ፍልፈል ነው።

እንስሳውን ሰው አድርጌ ስብከት ልሠራበት አልፈልግም። ነገር ግን ልጄ ትንሽ በነበረችበት ጊዜ እናቷ ስትታመም ያጠቧት፣ ያበሏት፣ ትምህርት ቤት ያደረሷት የኅብረታችን እህቶች ፊታቸው በዐይኔ ላይ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጭላዳዎቹን ልንቆጥር ሄድን። ጭላዳ በሣር ግጦሽ የሚኖር ብቸኛው የዝንጀሮ ወገን ነው። ሌሊት በገደል ላይ ያድራል፤ ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር ሲነጭ ይውላል። መንገድ መሪው፣ ልጄና እኔ እየራቅን ተቀምጠን ለየብቻ ቆጠርን። እኔ 183 አገኘሁ። ልጄ 207፣ መንገድ መሪው 205። ደግመን ስንቆጥር እኔ ይባስ ብዬ ወደ 170 ወረድኩ። ሳቁብኝ። ያናቅሁትን ሥራ እኔ ራሴ አልችለውም ኖሯል።

እነዚህ ሁለት እንስሳት አብረው እንደሚኖሩም ነገረችኝ። ከላስታ በስተ ደቡብ፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ ጓሳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ያህል (67 ከመቶ) ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ዝንጀሮውም አይሸሸውም፤ ቀበሮውም የዝንጀሮውን ግልገል አይነካም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ የታወቀው አንድ ሰው ለብዙ ቀናት ሣር ላይ ተቀምጦ ስለ መዘገበ ነው።

በዚያ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን “ያን ቀን እራት ላይ የተናገርኩሽን ይቅር በዪኝ” አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ። ከዚያም ፈገግ ብላ፣ “ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባዬ። ግን ዝንጀሮ ቆጠራ ከአንተ ይልቅ እኔ እንደምሻል እመን” አለች።

የውሻው ነገር

“ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ቀበሮ ማሰብ ምን ይሉታል?” የሚል ወገን ይኖራል። እኔም ብዬዋለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከገበሬው ደጅ ነው።

ለቀይ ቀበሮ ትልቁ አደጋ ከእርሻው ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ወደ ቀበሮው የሚያመጡት ከመንደር የሚወጡ ውሾች ናቸው። በባሌ ዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በተነሣው ወረርሽኝ በሽታው ከነካቸው ቡድኖች ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀበሮዎች አልቀዋል። ስለዚህ ጥበቃው ውሾችን መከተብ ይጨምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በባሌ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። የገበሬው ውሻም ተከትቧል። ገበሬው የውሻውን አንገት እያሻሹ “ለቀበሮው ብለው ከተቡልን፤ የዳኑት ግን ልጆቻችን ናቸው” አሉኝ።

እውነት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውድ አንባቢያን፣ ልጃችሁን ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ መጸለያችን ይህን ከማድረግ አያግደንም። ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ እንደሚያስብ ጠቢቡ የተናገረው (ምሳ. 12፥10) የእንስሳውና የሰው ደኅንነት የተሳሰረ መሆኑን ስለሚያውቅም ይመስለኛል።

ከመላካችን በፊት

ልጆቻችን በጎ ፈቃድ ሲሉ ዝም ብሎ እሺ ማለት ግን ፍቅር አይደለም። እኔ የተሳሳትኩት በመጠየቄ ሳይሆን በማዋረዴ ነው። ከልምዳችን በመነሣት ወላጆች ልጃቸውን ቁጭ አድርገው የሚከተሉትን ቢጠይቁ መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ ሥራውን የሚመራው ማን ነው? የዱር እንስሳትን ለማጥናት ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ይታይ። ሁለተኛ፣ ማደሪያው የት ነው? በተለይ ለሴት ልጅ ከማን ጋር እንደምታድርና ችግር ቢገጥማት ለማን እንደምትናገር አስቀድሞ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ብትታመም ማን ያወርዳታል? ወጪውንስ ማን ይችላል? ከእንስሳት ጋር የሚሠራ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስቀድሞ መውሰድ አለበት። አራተኛ፣ የሥራው ልክ በጽሑፍ ይቀመጥ። በጎ ፈቃድ በሚል ስም የወጣትን ጉልበት በነፃ የሚበዘብዝም አይጠፋም። የሚማረው ነገር ምንድን ነው? ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ያገኛል? አምስተኛ፣ የአካባቢው ሰላም እንዴት ነው? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። በአካባቢው ከሚኖሩ ሰዎች ሳያጣሩ መንገድ መጀመር አይገባም።

ለባልና ሚስት ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ልጁ ፊት ከመልሳችሁ በፊት ሁለታችሁ ብቻችሁን ተነጋገሩ፤ አብራችሁም ጸልዩ። እኔና ባለቤቴ ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ ያ ሦስት ሳምንት ባልኖረ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ

ልጃችን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰች። ታሪኩ “ወዲያው ትልቅ ሥራ አገኘች” ብሎ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አላገኘችም። አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈልጋ በመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ዛሬ ትዳር ይዛለች። ተማሪዎቿን ቅዳሜ ቅዳሜ እየወሰደች ወፍ ታስቆጥራቸዋለች።

ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ መጣ። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ስልኩ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ልጃችን በየምሽቱ የቤተሰብ ጸሎታችን ላይ የእነዚያን ገበሬና የባለቤታቸውን የልጆቻቸውንም ስም እየጠራች ትጸልይ ነበር። እኔም እጸልይ ነበር፤ ማዕዳቸውን ቀምሻለሁና። ስልኩ ሲከፈት ደወለች። ገበሬው በመጀመሪያ በሕይወት ያሉትን ነገሯት። ቀጥለው ያለፉትን ነገሯት። ስለ ተዘረፈው እህልና ስለ ታረዱት ከብቶች ነገሯት። አብረው አለቀሱ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ “ደግሞም ላይ ወጥቼ ነበር። ሁለት አይቻለሁ። ጻፊው” አሏት።

ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ማን አዘዛቸው? ማንስ ከፈላቸው? ልጄ ስልኩን ዘግታ የድሮውን ደብተሯን አወጣች። ቀኑን ጻፈች፤ ከጎኑም 2 ብላ ጻፈች። መዝገቡ ባዶ አልሆነም።

ወደ ጀመርኩበት ወደ ዮናስ ልመለስ። ሁላችንም ዓሣውን እናስታውሳለን፤ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቁጥር ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ነቢዩ በጥላው ቅል መድረቅ ተቆጥቶ ሳለ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ይናገረዋል፤ በውስጧ ያሉትን ሰዎች በቁጥር ጠቅሶ፣ በስተ መጨረሻ ብዙ እንስሶችም እንዳሉባት ያክላል (ዮና. 4፥11)። ጌታ ሰዎቹን ቆጥሮ ሲጨርስ እንስሶቹን አልረሳም። ከማዕዳችን ተነሥታ ወደ ተራራ የወጣች ልጄም ይህን አልረሳችም ነበር፤ ረስቼው የነበርኩ እኔ ነኝ።

ጌታ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይባርክ።